የአራት ነጥብ ዋጋ

ጽሑፉ ሊያልቅ ሁለት ቃል ቀርቶታል። ከሳጥኑ ግርጌ ያለችው ትንሽ ክብ ግን ቀድማ ቢጫ ሆናለች። መሀሏ ላይ ያለው ቁጥር ከ20 ወደ 18፣ ከ18 ወደ 16 ይወርዳል፤ ሁለት ሁለት እያለ። ጸሐፊው አንድ ፊደል ሲነካ ሁለት ይቀነስበታል። አራት ነጥብ ሲያኖር ሁለት ይቀነስበታል። በቃልና በቃል መካከል ክፍተት ሲያስገባ ብቻ አንድ ይቆጠርበታል። በመጨረሻ «እንደገና»ን አጥፍቶ «ደግሞ» ይላል፣ አንድ «ነው» ይሰርዛል፣ ጽሑፉም እንደምንም ይገባል።

ትዊተር ላይ፣ ዛሬ ኤክስ በሚባለው ላይ ማለት ነው፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ግብግብ ያውቀዋል። አጠገቡ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ወዳጁ ያለ ክፍያ 280 ምልክት ሲፈቀድለት፣ እሱ ከነክፍተቱ 150 አካባቢ ሲደርስ በሩ ይዘጋበታል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ የሶፍትዌር ፊቸር እንዴት እንደሚታቀድ፣ እንዴት እንደሚለቀቅና ከተለቀቀ በኋላ በምን እንደሚመዘን ማየት ያስፈልጋል። ፊቸር የሚባለው አንድ ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚሰጠው አንድ ችሎታ ነው፦ ፎቶ ማያያዝ፣ የላኩትን መልሶ ማጥፋት፣ ወይም እንደዚህኛው፣ ረዘም አድርጎ መጻፍ።

(ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ280 በፊት ገደቡ 140 ምልክት ነበር፤ ምንጩም የእጅ ስልክ ነው። ትዊተር በ2006 ሲጀመር ሰዎች በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲጠቀሙበት ታስቦ ነበር። አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። መሥራቾቹ 20ውን ለላኪው ስም ተዉና 140 ቀረ። በነገራችን ላይ ይኸው ኤስኤምኤስ በአማርኛ ሲጻፍ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ አንድ የላቲን ፊደል በ7 ቢት ሲታሸግ የግእዙ ፊደል 16 ቢት ይፈልጋልና። አንድ መልእክት የመሰለው ጽሑፍ ሁለት ሆኖ ሊሄድ፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ላወቀ ሰው «ሰላም ነህ ወይ»ን በላቲን ፊደል መጻፍ ያዋጣ ነበር።

ገደቡ ከስልኩ ዘመን በኋላም አልተነሣም። ሰዎች ተላመዱት፤ እንዲያውም ወደዱት። በጃንዋሪ 2016 ኩባንያው ገደቡን እስከ 10,000 ምልክት ከፍ ሊያደርግ እያሰበ ነው የሚል ዜና ሲወጣ፣ ቁጣው የመጣው በአብዛኛው ራሱን ትዊተርን ከሚወዱት ሰዎች ነበር። እነሱ ዘንድ አጭርነቱ የቤቱ ጠባይ ነው።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2017 የትዊተር የምርት ኀላፊዋ አሊዛ ሮዘንና ኢንጂነሩ ኢኩሂሮ ኢሃራ ገደቡን ወደ 280 ማስፋት እንደሚሞከር የሚገልጽ አንድ አጭር ማስታወቂያ አወጡ። የጀመሩት ከራሳቸው ነው። ሮዘን በእንግሊዝኛ ስትጽፍ 140ው ቶሎ ይሞላባትና መቁረጥ ትጀምራለች። ኢሃራ በጃፓንኛ ሲጽፍ ሐሳቡን ጨርሶ ቦታ ይተርፈዋል። ከዚያ ቁጥሮቹ ተከተሉ፦ በእንግሊዝኛ ከሚላኩት ጽሑፎች 9 በመቶው ገደቡን ይነካሉ፤ በጃፓንኛ ከሚላኩት ግን 0.4 በመቶው ብቻ። በእንግሊዝኛ እጅግ የተለመደው ርዝመት 34 ምልክት፣ በጃፓንኛ 15 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የዕቅዱ ብልሃት ከመፍትሔው ይልቅ ጥያቄው ላይ ነው ያለው። «ገደቡ ይነሣ» ቢሉ ኖሮ ክርክሩ በወዳጅና በጠላት መካከል እንደተካረረ ይቀር ነበር። እነሱ ግን የአንዱ ቋንቋ ተናጋሪ ሐሳቡን ለማሸግ ሲቸገር የሌላው ለምን አይቸገርም ብለው ጠየቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊለካ ይችላል፤ የሚለካ ጥያቄ ደግሞ ተሳስቶ ሊገኝም ይችላል። በብዙ ቢሮዎች የሚጻፉ የፊቸር ዕቅዶች የሚጎድላቸው ይኸው ነው፤ ምን ቢታይ «አልሠራም» እንደሚባል አስቀድመው አይናገሩም።

ዕቅድ ሲባል ግማሹ መተው ነው። የሶፍትዌር ቡድን ሁልጊዜ ከአቅሙ በላይ የሐሳብ ክምር አለው፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚሠራ የሚወስነውም አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ውስጥ ያለ ሰው ግምት ነው። ግምቱ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳይ አንድ ታሪክ በማይክሮሶፍት አለ። በ2012 የቢንግ የፍለጋ አገልግሎት ሠራተኛ የሆነ አንድ ሰው ትንሽ ሐሳብ አቀረበ። በፍለጋ ውጤት ገጽ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ርእስ አለው፤ ከሥሩ መግለጫ አለ። የመግለጫውን የመጀመሪያ መስመር ከርእሱ ጋር አጣብቀን ርእሱን ብናስረዝመውስ? ከመቶዎች ሐሳቦች አንዱ ነበርና ኀላፊዎቹ ዝቅተኛ ቦታ ሰጡት። ከስድስት ወር በላይ ተኛ። በኋላ አንድ ኢንጂነር አየውና ኮዱ የጥቂት ቀን ሥራ መሆኑን ገምቶ፣ ጽፎት፣ ሙከራ ላይ አዋለው። በሰዓታት ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ፤ ገቢው ከሚታመነው በላይ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ ደወል አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው ስሕተት ሲኖር ነው፤ ይህኛው ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ገቢው በ12 በመቶ አደገ፤ በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ።

ያንን ታሪክ በ2017 ለሕዝብ የጻፈው የማይክሮሶፍትን የሙከራ ቡድን ሲመራ የነበረው ሮን ኮሃቪ ነው። የእሱ ሌላ ቁጥር ይበልጥ ያስደነግጣል። በማይክሮሶፍት በሙከራ ከተፈተኑት ሐሳቦች የታሰበላቸውን ለውጥ ያመጡት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ አንድ ሦስተኛው ምንም አላመጣም፤ ቀሪው ነገሩን አባሰ። ልብ በሉ፣ እነዚህ በብልሆች ታስበው፣ ተመክሮባቸው፣ ኮድ ተጽፎላቸው ያለፉ ሐሳቦች ናቸው።

ታዲያ ትዊተር 280ን እንዴት ሞከረው? እንደ ዕጣ ነው። ከተጠቃሚዎቹ ጥቂቱን ያለ አድልዎ ለይቶ አዲሱን ገደብ ሰጣቸው፤ ሌሎቹ በ140 ቆዩ። ኤ/ቢ ሙከራ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዜና፣ በአንድ በዓል ውስጥ ስለሚያልፉ፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ከፊቸሩ የመጣ ነው ለማለት ያስደፍራል። ፊቸሩን ለሁሉም ለቆ «ካለፈው ወር ጋር እናወዳድር» የሚል ቡድን ግን የፊቸሩን ውጤት ከዝናቡ፣ ከምርጫውና ከእግር ኳሱ ውጤት ጋር ቀላቅሎ ነው የሚለካው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሆነው አስቂኝ ነው። ዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች 280ውን ጢም አድርገው ሞሉት፤ ቦታው ስላለ ብቻ። አዲስ ጫማ የተገዛለት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ እግሩን እያየ እንደሚሄደው ማለት ነው። ሙከራው በሁለተኛው ቀን ቢዘጋ ኖሮ መደምደሚያው «ትዊተር በድርሰት ሊጥለቀለቅ ነው» ይሆን ነበር። ቡድኑ ታገሠ። ርዝመቱ ወረደ፤ ሰዎች ወደ ቀድሞ ልማዳቸው ተመለሱ። በሙከራው ከተላኩት ጽሑፎች ከ140 የዘለሉት 5 በመቶ፣ ከ190 የዘለሉት ደግሞ 2 በመቶ ብቻ ሆኑ። በእንግሊዝኛ ገደቡን የሚነኩት ከ9 በመቶ ወደ 1 በመቶ ወረዱ። ኖቬምበር 7 ቀን 2017 አዲሱ ገደብ ለሁሉም ተለቀቀ። የድሮው ቆጣሪ ቁጥርም ያን ጊዜ ነው በዚያች ክብ የተተካው።

መልቀቅ የራሱ ጥበብ አለው። ብዙ ሰው የሚያስበው ፊቸር ተሠርቶ ሲያልቅ «ተለቀቀ» እንደሚባል ነው። የዛሬዎቹ ቡድኖች ግን ሁለቱን ለያይተዋቸዋል። ኮዱ አስቀድሞ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ግን ጠፍቶ። ፊቸር ፍላግ የሚሉት አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ሲፈለግ ለመቶ ሰው፣ ሲፈለግ ለአንድ አገር፣ ሲፈለግ ለሠራተኞቹ ብቻ ይበራል፤ ነገር ከተበላሸም አዲስ ኮድ ሳይጻፍ ይጠፋል። ፎቶ ማጋሪያው ፍሊከር ይህን አሠራሩን በ2009 በይፋ ከገለጹት ቀደምት ኩባንያዎች አንዱ ነው። ሌላው ዘዴ ስሙን ከከሰል ማዕድን የወሰደው ካናሪ ነው። በብሪታንያ እስከ 1986 ድረስ የማዕድን ሠራተኞች መርዛማ ጋዝን ቀድማ የምታሳብቅ ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ሶፍትዌር ላይ ወፊቷ አንድ ሰርቨር ናት፤ አዲሱ ኮድ እሷ ላይ ይጫንና ትታያለች፤ ደኅና ከሆነች ወደ ሌሎቹ ይኬዳል።

ማብሪያ ማጥፊያ ግን ሁለት ስለት ያለው ነገር ነው። ይህን በኒው ጀርሲ ጀርሲ ሲቲ የነበረው ናይት ካፒታል የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ ኩባንያ በ45 ደቂቃ ውስጥ ተምሮታል።

በ2012 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ለትንንሽ ባለሀብቶች የሚሆን አዲስ የግብይት ፕሮግራም ኦገስት 1 ቀን ሊጀምር ነበር። ናይት ከዚያ ቀን ጋር ለመድረስ ኮዱን አሻሻለ። አዲሱ ኮድ የሚነቃበት ምልክት ያስፈልገው ነበርና ባለሙያዎቹ አዲስ ከመፍጠር ይልቅ አንድ አሮጌ ምልክት ወሰዱ። ያ ምልክት ቀድሞ ፓወር ፔግ የሚባል ፊቸርን የሚያበራ ነበር። ፓወር ፔግን ኩባንያው በ2003 መጠቀም ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ኮዱ ግን አልተሰረዘም። በ2005 ደግሞ የተሟላ ትእዛዝን ቆጥሮ «በቃ» የሚለው ክፍል ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ስለነበር፣ ፓወር ፔግ ቢነሣ መቆሚያውን አያውቅም። የተቀበረው ሳይሞት ነበር ማለት ነው።

ከጁላይ 27 ጀምሮ አዲሱ ኮድ በየቀኑ ወደ ሰርቨሮቹ መጫን ጀመረ። ሰርቨሮቹ ስምንት ናቸው። የጫነው ሠራተኛ ሰባቱ ላይ ጭኖ አንዱን ዘለለ። ሥራውን የሚያይለት ሁለተኛ ሰው አልተመደበም፤ እንዲመደብ የሚያስገድድ የተጻፈ ደንብም አልነበረም።

ኦገስት 1 ጠዋት፣ ገበያው ሳይከፈት፣ ከ8 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ጀምሮ (በእነሱ አቆጣጠር) የኩባንያው ሲስተም ለሠራተኞች ኢሜይል መላክ ጀመረ። ፓወር ፔግ ተዘግቷል የሚል ስሕተት የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎች ወጡ። እንደ ማስጠንቀቂያ ታስበው የተሠሩ ስላልነበሩ ማንም ልብ አላላቸውም።

9፡30 ላይ ደወሉ ተደወለ። ምልክቱ በርቶ ሲመጣ ሰባቱ ሰርቨሮች አዲሱን ኮድ አስነሡ። ስምንተኛው አሮጌውን አስነሣ። ከደንበኞች የመጡት 212 ትእዛዞች ብቻ ነበሩ፤ ያ ሰርቨር ግን እነሱን ለመሙላት ሳያቆም ገዛ፣ ሸጠ፣ ገዛ። በ154 ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ 4 ሚሊዮን ግብይት ተፈጸመ፤ ከ397 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን እጅ ለእጅ ተላለፈ።

የዚህ ታሪክ እጅግ መራራው ክፍል ቀጥሎ የሆነው ነው። ባለሙያዎቹ ጥፋቱ ከአዲሱ ኮድ የመጣ መሰላቸውና በትክክል ከተጫነባቸው ሰባት ሰርቨሮች ላይ ነቅለው አወጡት። ምልክቱ ግን እንደበራ ነው። አሁን ሰባቱም እንደ ስምንተኛው ፓወር ፔግን ማስኬድ ጀመሩ። ወደ ኋላ መመለስ መድኀኒት ነው ሲባል የሰማ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ግን ያየ አልነበረም። ሲስተሙ በቆመ ጊዜ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ባለሀብቶች ባፈሰሱበት 400 ሚሊዮን ዶላር ከመውደቅ ተረፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ጌትኮ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተዋሐደና በራሱ መቆሙ አበቃ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በ2013 የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለበት። የተቆጣጣሪው ሰነድ ደረቅ የሕግ ጽሑፍ ነው፤ ሶፍትዌር የሚለቅቅ ሰው ግን እንደ ልብ ወለድ ሳያቋርጥ ያነበዋል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ እንዲህ ያለው አደጋ እንግዳ አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቅዶ ነበር። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛመተ፤ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተሠራ። አገልግሎቱ እስኪቋረጥ 490,000 ያህል ግብይት ተካሄደ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት እንደሆነ ገለጸ፤ የሳይበር ጥቃትም አልነበረም። ንግድ ባንክ ገንዘቡን ለማስመለስ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። ሲስተሙን ለማስተካከል ሰዓታት በቅተዋል፤ ገንዘቡን ከሰዎቹ ለማስመለስ ሳምንታት ፈጀ።

ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ ጁላይ 19 ቀን 2024፣ ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ አንድ የተበላሸ ፋይል ለደንበኞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ላከ። ፋይሉን ያነሣው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያ መካከል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ሆነው ቆሙ፤ አውሮፕላኖች ከመሬት አልተነሡም፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ደረጃ በደረጃ እንደሚለቅቅ አስታወቀ። ወፊቷን አስቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ማለት ነው።

አደጋ ሳይደርስ የተለቀቀ ፊቸርስ? ያኔ ጥያቄው ይለወጣል፤ ጠቀመ ወይ? ይህን ጥያቄ ተጠቃሚውን በመጠየቅ ብቻ መመለስ አይቻልም። ሴፕቴምበር 2006 ፌስቡክ የወዳጆችን እንቅስቃሴ በአንድ ገጽ የሚያፈስሰውን ኒውስ ፊድ ሲለቅቅ፣ 10 ሚሊዮን ያህል ከነበሩት ተጠቃሚዎቹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ለተቃውሞ ወጡ። ሐሳባቸው መሬት የያዘ ነበር፤ ቀድሞ የሰውን ገጽ ከፍቶ ካልፈለጉት የማይታየው ነገር በአንድ ሌሊት አደባባይ ወጥቷልና። የሚገርመው የተቃውሞ ቡድኖቹ እንደዚያ በፍጥነት ያበጡት በራሱ በኒውስ ፊድ አማካይነት መሆኑ ነው፤ «እገሌ ይህን ቡድን ተቀላቀለ» የሚለውን ዜና ያደርስ የነበረው እሱ ነው። ኩባንያው በቀናት ውስጥ የግላዊነት መቆጣጠሪያ ጨምሮ ፊቸሩን አቆየው፤ አጠቃቀሙም ጨመረ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ የምርት ኀላፊዎች የወሰዱት ትምህርት «ተጠቃሚ ይጮኻል፣ ይለምዳል» የሚል ነው። ያ ግማሽ ንባብ ነው። ቁጥሩ ሰዎች ገጹን መክፈታቸውን አሳየ እንጂ ስለ ግላዊነታቸው ያነሡት ቅሬታ ስሕተት ነው አላለም፤ ስሕተት ቢሆንማ መቆጣጠሪያው ባልተጨመረ ነበር። ጉግል ይህን በ2010 አየው። በዝ የተባለውን ማኅበራዊ ፊቸር በጂሜይል ተጠቃሚዎች ላይ ሲጭን፣ አዘውትረው የሚጻጻፏቸውን ሰዎች በራሱ መርጦ እርስ በርስ እንዲከታተሉ አደረጋቸው። ለማን እንደሚጽፉ እንዲታወቅ የማይፈልጉ ሰዎች መኖራቸውን ያሰበ አልመሰለም። ጉዳዩ ሌላ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዘንድ ደርሶ በስምምነት ሲቋጭ፣ በዝም በተከታዩ ዓመት ተዘጋ።

ትዊተር ራሱ መዝጋትን ያውቃል። በ2020 ከ24 ሰዓት በኋላ የሚጠፋ ጽሑፍና ፎቶ የሚያስለጥፈውን ፍሊትስን መጀመሪያ በብራዚል፣ ቀጥሎ በሌሎች ጥቂት አገሮች ሞክሮ በኖቬምበር ለዓለም ለቀቀው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ፈርተው የማይጽፉ ሰዎች ደፍረው እንዲጽፉ። የተጠቀሙበት ግን በአብዛኛው ድሮም የሚጽፉት ሆኑ። ኦገስት 3 ቀን 2021፣ ስምንት ወር ተኩል ገደማ ኖሮ፣ ፍሊትስ ተዘጋ። ኩባንያው ምክንያቱን ሳይሸፍን ተናገረ፤ ያሰብነውን አላመጣም አለ። ይህን ለማለት የቻለው ዓላማው አስቀድሞ ተጽፎ ስለነበር ነው። ዓላማ ያልተጻፈለት ፊቸር በዚህ መንገድ አይሞትም፤ እንደ ፓወር ፔግ ተኝቶ ይቆያል።

280ስ? ከተለቀቀ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በኦክቶበር 2018፣ ቁጥሮቹ እንደገና ወጡ። በእንግሊዝኛ እጅግ የተለመደው ርዝመት 33 ምልክት ሆነ፤ ከቀድሞው 34 እንኳ አንድ ያነሰ። ከ140 የሚዘልሉት 12 በመቶ ናቸው፤ 280ን የሚነኩት 1 በመቶ። ቦታ ለመቆጠብ የሚጻፉ አሕጽሮተ ቃላት ቀነሱ፤ «እባክዎ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በ54 በመቶ፣ «አመሰግናለሁ» በ22 በመቶ ጨመረ። ትሕትና ቦታ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ ነው የታወቀው።

ስለዚህ በማንኛውም መመዘኛ የተሳካ ፊቸር ነበር። አሁን ወደ አማርኛው ጸሐፊ እንመለስ።

የ2017ቱ ማስታወቂያ አዲሱ ገደብ ከጃፓንኛ፣ ከቻይንኛና ከኮሪያኛ በቀር ለሁሉም ቋንቋ እንደሚሰጥ ይናገራል። ኮምፒውተር ግን ቋንቋ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የዓለም ፊደላት ሁሉ ዩኒኮድ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ተራ ቁጥር አላቸው። ትዊተር ርዝመትን የሚቆጥርበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ውስጡ ያለው ደንብም አጭር ነው። ከ0 እስከ 4351 ያለ ምልክት እንደ አንድ ይቆጠራል። ከጥቂት ሥርዓተ ነጥቦች በስተቀር ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ እንደ ሁለት።

ለምን 4351? ከ4352 ጀምሮ የኮሪያ ፊደል ክፍሎች ስለሚመጡ ነው። አጥሩ የተተከለው ልክ ከኮሪያ ደጃፍ ላይ ነው። ከኮሪያ ቀጥሎ ማን ተቀመጠ? ግእዝ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ የተሰጠው ቦታ ከ4608 ይጀምራል፤ ሀ ራሷ 4608 ናት። ከአጥሩ ወዲህ የጆርጂያ ፊደል በአንድ ይቆጠራል፤ ከአጥሩ ወዲያ አማርኛና ትግርኛ በሁለት። ከእኛ ጋር የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት የቸሮኪዎች ፊደል፣ የካምቦዲያው ክመርና ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚጻፈው የሞንጎልያ ፊደልም እዚያው ወዲያ ናቸው። በማስታወቂያው ላይ ስማቸው አንዳቸውም አልተጠራም።

በደል ነው? መልሱ ቀላል አይደለም። የግእዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ይይዛል፤ አማርኛም በአንድ ግሥ ላይ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ይጭናል። «አልመጣችልኝም» ስምንት ፊደል ነው፤ በሁለት ቢቆጠር 16። ያንኑ በእንግሊዝኛ ለማለት አምስት ቃል ያስፈልጋል፤ ከነክፍተቱ 22 ምልክት። በዚህ ቃል ላይ አማርኛ ተጭኖበትም ያሸንፋል። ባዕድ ቃል ሲመጣ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። «ዩኒቨርሲቲ» 12 ይፈጃል፤ በእንግሊዝኛ ግን 10 ፊደል ነው። ፖለቲካ፣ ኢኮኖሚና ቴክኖሎጂ የሚጽፍ ሰው ግጥም ከሚጽፈው ይልቅ ይጎዳል።

ምናልባት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደ ጃፓንኛው አማርኛን ቢለካ 140 ይበቃዋል የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርስ ይሆናል። በይፋ በወጣው ማብራሪያ ውስጥ ግን ያ ልኬት የለም። የቀረቡት ቁጥሮችም ይህን ሊያሳዩ አይችሉም፤ በአማርኛ የሚጻፈው በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ ከሚጻፈው አንጻር ጠብታ ነውና። መለኪያው በቋንቋ ተከፍሎ ካልታየ ጠብታዋ በባሕሩ ውስጥ አትታይም። ደንቡ ደግሞ የማይነካ ድንጋይ አይደለም። በ2018 ትዊተር ይህንኑ መቁጠሪያ አሻሽሎ፣ ቀድሞ እንደ ቆዳ ቀለማቸውና እንደ አሠራራቸው የተለያየ ዋጋ ይከፈልባቸው የነበሩትን ስሜት ገላጭ ሥዕሎች ሁሉ በእኩል ሁለት እንዲቆጠሩ አድርጓል። ከኮሪያ ወዲያ ላሉት ፊደላት አንድ መስመር መጨመር ከዚያ የከበደ ሥራ አልነበረም።

እስከዚያው የአማርኛ ጸሐፊዎች የራሳቸውን ሒሳብ ይሠራሉ። አራት ነጥብ፣ አንድ ሆኖ ሲጻፍ፣ ሁለት ይቆጠራል። ብዙ ሰው ግን ከድሮ የጽሕፈት መኪና ልማድ ሁለት ነጥብን ደግሞ ደግሞ ነክቶ «፡፡» ያደርገዋል፤ ለዓይን አራት ነጥብ ይመስላል፣ ለትዊተር ግን ሁለት ምልክት ነው፤ አራት ይቆጠርበታል። የላቲኗ ነጥብ አንድ። ክቧ ቀይ ሆና «-2» ስትል፣ ጸሐፊው ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ያየዋል፤ የሚቆረጥ ቃል ያጣል። ጠቋሚውን ወደ መጨረሻው ይወስድና «፡፡»ን አጥፍቶ በቦታዋ የፈረንጅ ነጥብ ያኖራል። ክቧ ወደ ቢጫ ትመለሳለች፤ አንድ ምልክት ተርፎታል።